ማምለጫ ያለው ይመታል

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ትዕዛዝ ልመዘግብበት ነበር። የማን ጥርስ መቼ እንደሚደርስ፣ የማን ድድ አብጦ ልክ መውሰድ እንዳልተቻለ። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ ግን የሰው ስም መጻፍ አስጠላኝ። የራሴ ይሁን አልኩ። ከሥራ ቦታ አይወጣም፤ ከጀሶው ከረጢት ጀርባ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የማታና የእሑድ ነገር ሲኖር በማግስቱ ጠዋት በየቀኑ ስር እሞላዋለሁ። ቤት ቦታ የለም። ወንድሜ ከመጣ ወዲህ ቤቱ ጠቧል ማለቴ ነው።

ዛሬ ራስን የመከላከል ልምምድ ተመዘገብኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፌርማታው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ መብራት የለውም፤ ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ ቦርሳዋን ተቀምታለች። እኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፣ ክብደቴ ሃምሳ ኪሎ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ለሰው ሰው ሰራሽ ጥርስ ስሠራ የምውል። አንዱ ቢይዘኝ ምን አደርጋለሁ? ልነክሰው? ጥርስ እንደሆነ ሞልቶኛል።

ቦታው የድሮ መጋዘን ነው። ፎቁ ላይ ቦክስ፣ ምድር ቤቱ ትግል። በመጀመሪያው ወር ሁለቱንም ያስሞክራሉ፤ ከዚያ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው፣ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ የላቸውም። እስከ ወሩ መጨረሻ ወስኚ ተብያለሁ።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

የቦክሱን አሰልጣኝ «ሰከንድ» ይሉታል። ምክንያቱ ከአንደበቱ የማትጠፋው ቃል ናት። «ሦስት ሰከንድ ነው ያለሽ! በሦስት ሰከንድ ካልጨረስሽ እሱ ይጨርስሻል!» ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲያወራም የሚዘል ሰው ነው።

ጡጫ አላስተማረኝም። እጄን አገላብጦ አየና «ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«እንግዲያው በጡጫ አትምቺ። የሰው መንጋጋ ድንጋይ ነው፤ ጣትሽ ይሰበርና ሥራሽን ታጪያለሽ። በመዳፍሽ ግርጌ አፍንጫውን፣ በክርንሽ ጉሮሮውን፣ በጉልበትሽ የምታውቂውን ቦታ።» ሴቶቹ ሳቁ። «ከዚያ መሮጥ ነው። ወደ ኋላ ማየት የለም። ቤትሽ እስክትደርሺ አትቁሚ።»

እኔም ሳቅኩ። ሁሉም ከሳቁ በኋላ፣ ብቻዬን። ለምን እንደሳቅኩ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት፣ ቶሎ ቶሎ።

ትግሉን የምታስተምረው ሴት በሙያዋ አዋላጅ ናት። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ነው የምትመጣው፣ የታጠበችበት ሳሙና ሽታ እንኳ አይለቃትም። ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት። ከእሷ በታች ተኝተሽ ተነሺ ስትባይ ቤት የተጫነብሽ ይመስልሻል። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ጣሪያ አየሁ።

«ክንድሽን አትመኚ፣ ዳሌሽን እመኚ» ትላለች። ጀሶው እየደረቀ ነው፤ ልሂድ።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ዛሬ ሥራ ተደርቦብኛል ብዬ ነው የመጣሁት። አልተደረበብኝም። አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሰሙን ማለስለስ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ በግማሽ ሰዓት አለቀ። አሁን ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራቱ ይጠፋል ይመጣል።

ስለ ወንድሜ ልጻፍ። ሰው ክፉ ነገር እንዳይመስለው፤ ማንም አያነበውም፣ ግን ለራሴም ቢሆን።

አባታችን ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ስድስት። ትምህርቱን ትቶ የእንጨት መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ሆነ። ጀርባው ተልጦ ሲመጣ እማዬ ቅባት ትቀባው ነበር፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። «አንቺ ብቻ አንብቢ» ይለኝ ነበር። ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በእሱ ጀርባ ነው። ኋላ ዕድገት አገኘ፣ የመጋዘኑ አለቃ ሆነ፣ አገባ። አሁን ሥራውም ሚስቱም በአንድ ዓመት ሄዱበት። ግንቦት ላይ በአንድ ሻንጣ መጣ። እማዬን ያን ቀን ደስታው እንደ ሙሽራ ነበር ያደረጋት።

ሚስቱ ለምን እንደሄደች አልጠየቅንም። እማዬ «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ዝም አይነቅዝም» ትላለች።

ሲደሰት ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። «ሚጢ» ብሎ ይጠራኛል፣ እንደ ልጅነቴ። ሲከፋው ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ዝም ብሎ ይቆማል። ለማለፍ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ሽቦ አየብኝ። ሽቦ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ የጥርስ ማያያዣ ሽቦ የሚጠመዝዘው እሱ ነው፣ ራሱም ከሽቦው አይሻልም። እጅጌዬን ሰብስቤ ጀሶ ስበጠብጥ ክንዴ ላይ የበለዘውን አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ልምምድ።»

«መቼ ጀመርሽ?»

«ዓርብ።»

ሽቦውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጠመዘዘ። «ይሄ እኮ ቢጫ ሆኗል። ቢጫ የሚሆነው ከሳምንት በኋላ ነው።»

«የእኔ ቆዳ ቶሎ ቢጫ ይሆናል» አልኩት። ምን ዓይነት መልስ ነው! ራሴን ልረግጠው ምንም አልቀረኝም።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ዛሬ የተያዘ የእጅ አንጓ ማስለቀቅ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። የያዘሽ እጅ ደካማው ቦታ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ነው፤ በዚያ በኩል ትወጫለሽ። በጉልበት አይደለም፣ በአቅጣጫ ነው። ከአንዲት ተማሪ ጋር አሥር ጊዜ ሠራነው፣ አሥሩንም ወጣሁ። ከዚያ እትዬ ራሷ ያዘችኝ። ጠንከር አድርጋ፣ ድንገት፣ ከጎን።

ደረቅኩ። እጄ ላይ ሕይወት የለም። የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ አንገቴን ደፍቼ መሬቱን ማየት ጀመርኩ። «ይቅርታ» ስል ራሴን ሰማሁት። ማንን ነው ይቅርታ የምለው?

ለቀቀችኝ። ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረችኝ። ምንጣፉን እየጠቀለለች፣ ሳታየኝ፦

«የምትፈሪው ሰው መንገድ ላይ ነው ወይስ ቤት?»

«መንገድ ላይ ነው እንጂ። መብራት የለም።»

«እሺ።» ምንጣፉን ከግድግዳው አስደገፈች። «ሰከንድ ጥሩ አስተማሪ ነው። ለመንገድ የሱ ይሻላል። ማምለጫ ያለው ይመታል። ማምለጫ የሌለው ነው የሚይዘው።»

አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ እያሰብኩ ፌርማታዬን አለፍኩ። አንዱን ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ስለ ማርፈዴ ተወራ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ጥሩ ቀን ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ወንድሜ ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ቀየረ። እኔ ሚስማር አቀባይ፣ እማዬ ከታች ሆና «ተጠንቀቅ! ወዲህ! ወዲያ!» የምትል አለቃ። «እማዬ፣ ከዚህ ብወድቅ እንኳ በአንቺ ትዕዛዝ ነው» አላት። ሳቅን። ከሰዓት እማዬን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወሰዳት፣ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስቀመጣት። ጉልበቷ ክረምት አይወድም።

ኋላ ሻይ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ሚጢ፣ የባለፈው ነገር...» አለ። «እኔ እኮ ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ ክርን ማንሳት ስለምትማር ሴት ምን ይባላል? ምስጋና ቢስ ነው የሚባለው።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ሻይ ፈሰሰ። ሌላ ምንም የለም። ሻይ ፈሰሰ።

ልምምድ አልሄድኩም።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

እማዬ የላይኛው ጥርሷን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የሠራሁላት እኔ ነኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት። ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም።

«መታጠቢያው ላይ ወደቀብኝ» አለችኝ፣ በእጇ አፏን ሸፍና። ያለ ጥርስ መታየት አትወድም።

ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሆኖ መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ወድቆ የሚሰበር ጥርስ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ወይ የፊት ጥርስ ይነቀላል። ይሄ ጠርዙ ደህና ነው። ስንጥቁ ከግራ ጎን ተነስቶ ወደ ውስጥ ነው የሄደው፤ አፍ ውስጥ ሆኖ ከውጭ በኩል አንድ ነገር እንደገፋው ዓይነት። በሥራዬ እንዲህ ያለ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንዱ የመኪና አደጋ ነበር።

መታጠቢያው ሸክላ ነው፤ ሸክላ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን በእርግጠኛነት መናገር አይቻልም።

ጠግኜዋለሁ። አይታወቅም። ማታ ስሰጣት ሁለቱን እጆቼን ሳመቻቸው። «እጅሽን ይባርከው» አለችኝ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ቦክስ። ሰከንድ ከረጢቱ ላይ ፊት ሣለበት፤ ሁለት ክብ ዓይን፣ አንድ መስመር አፍ። «የምትጠሉትን ሰው አስቡና ምቱ!» አለ።

ሌሎቹ ደበደቡት። አንዷ ባንክ የምትሠራ ልጅ አለቃዋን እየጠራች መታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተሳቀ። የእኔ ተራ ሲደርስ መዳፌን አነሳሁ። ከረጢቱ ላይ ያየሁት ፊት ግን የምጠላው ሰው አይደለም። ትልቅ ግንባር፣ የአባቴ ዓይነት ቅንድብ። መዳፌ አየር ላይ ቀረ። እንደ ትራፊክ።

«ምነው?» አለ ሰከንድ።

«የምጠላው ሰው የለኝም።»

«ታድለሻል» አለኝ። የምሩን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ደግሞ ምንም አልገባውም። ይሄ የእኔ እንጂ የሱ ጥፋት አይደለም።

መምታት ለእንግዳ ሰው ነው። መትተሽ የምትሮጪለት ሰው ነገ ጠዋት ጨው አቀብዪኝ አይልሽም። መትተሽ ስትሮጪ ደግሞ እናትሽን ማን ዘንድ ትተሽ ነው የምትሮጪው? ጉልበቷ እኮ እስከ በሩ አያደርሳትም።

የጻፍኩትን አነበብኩት። መንገድ ላይ ስላለው ሌባ አይመስልም። ለማንኛውም።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

አወቀ።

ወንድሜ የልምምድ ልብሴን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘው። ለምን ቦርሳዬን እንደከፈተ አልጠየቅኩም። ራት ላይ፣ እየሳቀ፦ «እማዬ፣ ልጅሽ ቦክሰኛ ሆናለች!»

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለመንገዱ ነው፣ ጋሼ። መብራት የለም።»

«እኔ እያለሁ? ፌርማታው ድረስ ወጥቼ እቀበልሽ የለ?» እውነት ነው፣ ከሰኔ ጀምሮ ይቀበለኛል። የቆመበት ቦታ ከአውቶቡሱ መስኮት ይታየኛል። «በይ አሳዪኝ። ምን አስተማሩሽ? ተነሺ።»

«እየበላን ነው እኮ።»

«ተነሺ ስልሽ!»

ተነሳሁ። ከኋላ ያዘኝ፣ ክንዶቼን ከጎኔ ጋር አጣብቆ። ጨዋታ ነው። እየሳቀ ነው። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። «እሺ፣ ውጪ። ውጪ እስቲ።» ትንሽ አጠበቀ። «ውጪ እንጂ!» ትንሽ ጨመረ። ጎኔ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል። እማዬን አየኋት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የምታየው። እንደ ደረቀ ጀሶ ቆምኩ። ስላልቻልኩ ሳይሆን እንደምችል እንዳያውቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን አላውቅም።

ሲለቀኝ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። «ገንዘብሽን በከንቱ ነው የምትበትኚው፣ ሚጢ።»

ሰሃን ሳጥብ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። አንድ ነገር ልትናገር መስሎኝ ውሃውን ዘጋሁት። «ቢላዎቹን እኔ አጥባቸዋለሁ» አለች። ያ ብቻ።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

መረጥኩ። ትግሉን።

እትዬ ስሜን መዝገብ ላይ ጽፋ ሳትጨርስ ብዕሯን አነሳች። «ለምን?» አለችኝ።

ለዚህ ተዘጋጅቼበታለሁ። እጄ ሥራዬ ነው፣ እንዳይሰበር፣ አልኩ።

«ይሄ ሰከንድ የነገረሽ ነው። የእኔን ንገሪኝ።»

 ውጭ ዝናብ ነበር። «ሰው ሳልጎዳ ማቆም እፈልጋለሁ» አልኳት። «እሱም ሳይጎዳ፣ እኔም። ዝም ብዬ ይዤው፣ እስኪበርድለት።»

«እስኪበርድለት።» ቃሉን እንደ ሳንቲም አገላበጠችው። «ስሚኝ የኔ እህት። እኔ ስንቷን ሴት አዋልጃለሁ። ‹ደረጃ ላይ ወደቅኩ› ብላ የመጣች ብዙ አለች። ይዞ መቆየት ይቻላል፣ አስተምርሻለሁ። ግን ከያዝሽው በኋላስ? እጅሽ ይዝላል። የማንም እጅ ይዝላል። መያዝ እስክትነሺ ድረስ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም።»

«ገብቶኛል» አልኩ። የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ከኋላ የያዘ ሰው። ዳሌን ወደ ጎን ማውጣት፣ መቀመጥ፣ ክብደትን መጣል፣ መዞር፣ ጀርባውን ማግኘት። ሃያ ጊዜ። ሠላሳ። እትዬ እንደ እሱ ታጠብቀኛለች። ዛሬ አልደረቅኩም። «ይቅርታ» አላልኩም።

ሽቦ፦ «ሰሞኑን ትበያለሽ።» እውነት ነው፣ ሁለት ዳቦ በላሁ።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

አሁን የምጽፈው የአክስቴ ቤት ነው። ጠዋት ሥራ ስገባ ደብተሩን አወጣሁት። ሰሙን ሁለት ጊዜ ስላበላሸሁ ሽቦ ሥራዬን ወስዶልኛል፤ አለቃችን ሐኪሙ ደግሞ ቶሎ ውጪ ብሎኛል።

ትናንት ምሳ ላይ ነው። ሾርባ እየጠጣን ነበር። ወንድሜ ስልክሽን ስጪኝ አለ። ማን እንደ ደወለልኝ ሊያይ ነው። አዋላጇ ነበረች፣ የልምምድ ሰዓት መቀየሩን ልትነግረኝ። «አልሰጥም» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሁልጊዜ እሰጠዋለሁ።

ሰሃኑን ገፋው። ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፣ ስህተቴ ያ ነው፤ ምድጃውና ቁም ሣጥኑ መሐል ገባሁ። ወደ በሩ አልደርስም። ዞሬ ሳልጨርስ ከኋላ ያዘኝ። አልሳቀም። እግሬ ከመሬት ተነሳ።

ክብደቴን ጣልኩ። ዳሌዬን አወጣሁ። ይሄን ሁሉ ሳላስብ ነው ያደረግኩት፤ እሱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ዞርኩ፣ ሁለታችንም ወደቅን። እሱ በደረቱ፣ ትከሻው በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መሐል ተሰነቀረ። እኔ ጀርባው ላይ። ክንዴን ከብብቱ ሥር አስገብቼ ያዝኩት። ደረቴን ጀርባው ላይ፣ ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ታገለ፣ ጮኸ፣ ምን እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። ለመነሳት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ደከመው።

ልጅ ሳለሁ በዚህ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር ወንዙን የምሻገረው። ጠረኑ ያው ነው።

«ልቀቂኝ» አለ፣ በቀስታ። «በቃኝ። ልቀቂኝ፣ ሚጢ።»

«ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም።»

አላመንኩትም። ያዝኩ። አለቀሰ። ያዝኩ። «እማዬ፣ በያት እንጂ!» አለ። እማዬ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ልቀቂውም ያዢውም አላለችም። ክንዴ መዛል ጀመረ። ሰሃኑ ላይ የቀረው ሾርባ ቀዝቅዞ ስብ ሠርቷል፤ ወለሉ ላይ ሆኜ ጠርዙ ይታየኛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይዤዋለሁ፣ ስለዚህ እሱ የትም አይሄድም። እኔም የትም አልሄድም። ሦስታችንም እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነን፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እማዬ ምድጃውን አጠፋች። ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ የውጭውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች።

«ተነሺ» አለችኝ። «እንሂድ።»

እሱ አልተከተለንም። ወለሉ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀረ።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

የአክስቴ ቤት አንድ ክፍል ነው። ከእማዬ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ። አክስቴ አልጠየቀችም፣ ነገር ግን ሰሃን ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳይሰማ ትጠነቀቃለች፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ይመስል።

እማዬ ቀኑን ሙሉ፦ «ምን በልቶ ይሆን?»

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

ከሥራ ስመለስ እማዬ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፌስታሏን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ወደ ቤቴ ልሂድ።»

«እማዬ፣ አይሆንም።»

«ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬ የሰው ቤት ልሞት? አንቺ ቆዪ። አንቺ ሥራ አለሽ፣ እጅሽ ያበላሻል። እኔን ምንም አያደርገኝም።»

ተነሳች። በሩ ላይ ቆምኩ። ልታልፈኝ ስትል አንጓዋን ያዝኩ። ጠንከር አድርጌ ነው የያዝኩት፤ አሁን ጥሩ አድርጌ መያዝ አውቃለሁ። የእማዬ አንጓ ቀጭን ነው፣ ጣቶቼ ዞረው ተገናኙ።

እማዬ እጄን አየችው። ከዚያ መሬቱን አየች። አንገቷን ደፍታ ቀረች፤ አልታገለችም። እንዲህ ያለውን አንገት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

ለቀቅኳት። ፌርማታው ድረስ ሸኘኋት፣ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት፣ ሾፌሩን ደረጃው ላይ እንዲያግዛት ለመንኩት። አውቶቡሱ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ፣ መምታትም መያዝም የማይሆንበት ቦታ አለ ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ያለ ቦታ ላይ ሰው ምን ያደርጋል?

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት መነጽር ያደረገች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ። ፎርሙን አወጣች።

«ባልሽ ነው?»

«ባል የለኝም።»

«እና ማነው?»

መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው ማለት ይቻል ነበር። መብራት የለም ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ሁሉንም ያውቀዋል።

«ወንድሜ ነው። ወንድሜ ይመታኛል።»

ጻፈችው። ሰማይ አልተደፋም። ቀና ብላ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ፤ «ከግንቦት» አልኩ። አሁን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩት፤ ይህን አጭር ዓረፍተ ነገር ፈለግኩት። አንድም ቦታ የለም። ሻይ ፈሰሰ ይላል።

ከሌላ አንድ ፖሊስ ጋር ሆና ወደ ቤታችን ይዛኝ ሄደች። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ፊቱን ታጥቧል፣ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። «ግቡ፣ ግቡ» አለ፤ ወንበር ሳበላቸው። የቤተሰብ አለመግባባት መሆኑን፣ እኔ ሰሞኑን ከሥራ ብዛት የተነሳ እንደተጨነቅኩ በትሕትና አስረዳ። እንዲህ ሲናገር እኔ ራሴ አምነው ነበር።

እማዬ ከኋላው፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ቆማለች።

ፖሊሷ መነጽሯን አወለቀች። «እናቴ፣ ይህ ልጅዎ እሷን መትቷት ያውቃል?»

ወንድሜ ዞር ብሎ እማዬን አየ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ልጆቿ ነን፤ ሁለታችንም ልጅ ሆነን አንድ ነገር ሰብረን ከፊቷ ስንቆም የምናያት ዓይነት ነበር የምናያት። እማዬ እኔና እሱ ወደወደቅንበት ወለል፣ ወደ ቁም ሣጥኑ አየች። ከዚያ ወደ እኔ።  አይ ትላለች ብዬ ጨርሻለሁ፤ ይቅር ብያታለሁም።

«መትቷታል» አለች።  «እኔንም።»

 ወንድሜ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።  ጃኬትህን ልበስና እንሂድ ሲሉት ተነስቶ ለበሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ሳይዞር «የጓሮው ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው» አለኝ። ሄዱ።

ምድጃው ላይ የሚፈላ ነገር ነበር፤ ሄጄ አጠፋሁት። ስመለስ እማዬ አሁንም እዚያው በሩ ላይ ናት። እንድትቀመጥ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እሷ ራሷ ያዘችኝ። ወንበሩ ድረስ በቀስታ ሄድን፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«አንቺስ?» አለችኝ።

ሁለታችንም እኩል አፋችንን ከፈትን፣ ሁለታችንም እኩል ዘጋን። ከዚያ እማዬ «አንቺ ጀምሪ» አለችኝ።